የጥፋት ውሃ በኤሌክትሪክ ጊታር

በ1965 ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ወጣት በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሥራውን ሊለቅ በተነሣበት በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ልጁ ግራኝ ጊታር ተጫዋች በመሆኑ ክር የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ይሰቅለው ነበር። አዮሚ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክር ገጠመ፤ ከጊዜ በኋላም ክሩን እያላላ ድምፁን ወደ ታች አወረደው። የካቲት 13 ቀን 1970 ከጓደኞቹ ጋር ያወጣው «ብላክ ሳባት» የተባለው አልበም ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው ሙዚቃ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

የዚያ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን የቆመው ሦስት ሙሉ ድምፅ በሚራራቁ ሁለት ኖታዎች ላይ ነው። የአውሮፓ ጆሮ ይህን ርቀት ለዘመናት ሲፈራውና ሲጠረጥረው ኖሯል፤ የሰይጣን ድምፅ እስከ ማለትም ደርሷል። እኛ ግን አንቺሆዬን ስንቃኝ ያው ርቀት መሐል ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። አያቶቻችን ሠርግ የዘፈኑበት ቅኝት ነው። ስለዚህ «ይህ ሙዚቃ ለሐበሻ ጆሮ አይሆንም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በቶሎ አልስማማም።

ከፋብሪካ የተወለደው ሙዚቃ ከፋብሪካ ሰፈር ርቆም አያውቅም። በእስራኤል ከተሞች ባንዶች የልምምድ ክፍል የሚከራዩት ብዙውን ጊዜ በኢንዱስትሪ ቀጠና ነው፤ ጋራዡና መጋዘኑ ማታ ሲዘጋ ከበሮ ቢደበደብ የሚቆጣ ጎረቤት የለም። የአሽዶድን ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና የሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል። በአንድ በኩል ወደቡ፣ በሌላ በኩል የነዳጅ ማጣሪያውና የኤሽኮል የኃይል ማመንጫ፣ መሐሉ ላይ ወርክሾፕ በወርክሾፕ። ከእኛም ወገን ስንቱ ነው በዚያ ቀጠና ፈረቃ ገብቶ የወጣው! ይህ ታሪክ የሚያወሳው አልበም ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ከቴል አቪቭ ጥግ ካለችው ከጴታህ ቲክቫ የመጣ ነው። በወጣ በሳምንታት ውስጥ ግን የአሽዶድ ወደብ ስም ከእሳት ጋር ተነሥቷል። ወደዚያ እንደርሳለን።

ሄቪ ሜታል በእስራኤል መልክ የያዘው በ1980ዎቹ ነው። በ1985 የተመሠረተው ሳሌም የተባለው ባንድ ቀዳሚው ሲሆን በ1994 ያወጣውን አልበሙን «ቃዲሽ» ብሎ፣ በአይሁድ የሐዘን ጸሎት ስም ጠራው። በ1993 ደግሞ በኢየሩሳሌም መለኬሽ የሚባል ባንድ ተነሣ። መሥራቾቹ የአርመንና የአሦር ዘር ያላቸው ልጆች ናቸው። (የኢየሩሳሌም አርመኖች ስም ለእኛም ሙዚቃ እንግዳ አይደለም፤ ልዑል ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ከዚያው ከአርመኖቹ ገዳም የተገኙ ወላጅ አልባ የነሐስ ሙዚቀኞች ነበሩ።) መለኬሽ ቅድስቲቱ ከተማ ስትጠበው አገር ለቆ ወደ አውሮፓ ሄደ። የዚያ ዘመን ስሌት ቀላል ነበር፦ ሜታል መጫወት የሚፈልግ ወይ እንደ አውሮፓውያን መምሰል፣ ወይ ወደ አውሮፓ መሄድ አለበት።

በ1991 ጴታህ ቲክቫ ውስጥ ጥቂት ጎረምሶች «ሪዘሬክሽን» በሚል ስም ባንድ አቋቋሙ። ያው ዓመት ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። ግንቦት 24 እና 25 ቀን በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጭነው እስራኤል ገቡ። ከእነዚያ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ መኖሪያቸውን እንደ ጴታህ ቲክቫና አሽዶድ ባሉ ከተሞች አደረጉ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን በግእዝ ሲያዜሙና ልጆቻቸው ዕብራይስጥ ሲለምዱ፣ እነዚህ ጎረምሶች ደግሞ ጊታራቸውን እያስጮሁ የእንግሊዝ ባንዶችን ይቀዱ ነበር። በዓመቱ ባንዱ ስሙን ቀየረና «ኦርፋንድ ላንድ» ተባለ፤ ወላጅ አልባዋ ምድር ማለት ነው።

ድምፃዊው ኮቢ ፋርሂ የያፎ ልጅ ነው። ያፎ የሙአዚኑ ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የምኩራቡ ጸሎት በአንድ አየር የሚገናኙባት የወደብ ከተማ ናት። መሪ ጊታሪስቱ ዮሲ ሳሲ ከጊታሩ ሌላ ዑድ፣ ሳዝና ቡዙኪ ይነካል። ማቲ ስቫቲዝኪ በሁለተኛ ጊታር፣ ኡሪ ዜልካ በቤዝ አብረዋቸው ነበሩ። ልጆቹ ከቤታቸውና ከሰፈራቸው የሚያውቁትን ዜማ ከሜታሉ ጋር መቀላቀል የጀመሩት ገና ከጠዋቱ ነው። በ1994 «ሳሃራ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ሆሊ ሬኮርድስ በሚባል የፈረንሳይ አሳታሚ ወጣ። በ1996 ደግሞ «ኤል ኖራ አሊላ» ተከተለ። ሁለቱም ድፍረት ያላቸው፣ ግን ያልበሰሉ ሥራዎች ናቸው። በተለይ ሁለተኛው ብዙ ነገር በአንድ ድስት ስለሚከት ጆሮ የቱን ይዞ የቱን እንደሚለቅ ይቸገራል።

በዚያው 1996 ብራዚላዊው ሴፑልቱራ «ሩትስ» የተባለውን አልበም አወጣ። ሻቫንቴ ከተባሉት ነባር ሕዝቦች መንደር ሄዶ ከእነሱ ጋር የቀዳው ድምፅ በአልበሙ ውስጥ አለበት። የሜታል ዓለም የራሱን አገር ድምፅ ይዞ የሚመጣ ባንድ ለመስማት ጆሮውን እየከፈተ ነበር ማለት ነው። ለኦርፋንድ ላንድ ግን ዘመኑ አልቀናም። የኪቦርድ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ወጡ፤ ባንዱ ለዓመታት ዝም አለ። ብዙዎች ፈርሷል ብለው ነበር።

ዝም ባለበት ዘመን ግን ካሴቱ ዝም አላለም። «ሳሃራ» እና «ኤል ኖራ አሊላ» እየተባዙ፣ ኋላም በኢንተርኔት እየተላለፉ ግብፅ፣ ሶርያ፣ ሊባኖስና ዮርዳኖስ ገቡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥር 1997 የግብፅ ፖሊስ «ሰይጣን አምላኪዎች» በሚል ክስ መቶ ያህል የሜታል አድማጭ ወጣቶችን ከየቤታቸው ለቅሞ አስሯል። በእንዲህ ያለ አገር የእስራኤል ባንድ ማዳመጥ ሁለት ክስ በአንድ ጊዜ መሸከም ነው። ሆኖም የዐረብ ወጣቶች ለባንዱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ባንዱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ መድረክ ሲመለስ ዐረቡም እስራኤላዊውም ሊደርስባት የምትችለው ቱርክ የመገናኛ ስፍራ ሆነች።

መስከረም 2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ፈነዳ። አውቶቡስ፣ ካፌና ገበያ የሞት ቦታ ሆነ፤ በጋዛና በዌስት ባንክም የሟቹ ቁጥር በየቀኑ ይወጣ ነበር። ቀጣዩ አልበም የተቀመመው በእነዚህ ዓመታት ነው። በዚያው ወቅት በእስራኤል ሬዲዮ ሌላ ነገርም እየተሰማ ነበር፦ በ2002 የወጣው የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት አልበም አማርኛን ወደ ዕብራይስጥ ፖፕ አስገብቶ አገር አስደነቀ። ራይኸልና ኦርፋንድ ላንድ በሙዚቃ አይገናኙም፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ጆሮ የሚነቀንቅ ነው። የሁለቱ አድማጭ ግን አያቶቹ ከየአገሩ ይዘውት የመጡትን ዜማ ማፈር ትቶ መስማት የጀመረ ትውልድ ነው።

ከስምንት ዓመት የአልበም ዝምታ በኋላ፣ የካቲት 2004 «ማቡል» ወጣ። ቃሉ በዕብራይስጥ የጥፋት ውሃ ነው፤ ሙሉ ርእሱ «ማቡል፦ የሰባቱ ሦስት ልጆች ታሪክ» ይላል። አሳታሚው በ1988 በጀርመን፣ ዶርትመንድ የተቋቋመው ሴንቹሪ ሚዲያ ነበር። ትልቅ የሜታል አሳታሚ ነው፤ ይህም ማለት ሥራው በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ሁሉ ሊገኝ ነው። የወጣውን ከበሮ መቺ ተክቶ አቪ ዳይመንድ፣ በኪቦርድ ኤደን ራቢን ገቡ።

አልበሙ አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድ ወጥ ታሪክ ነው። ሦስት ወንድማማቾች አሉ፤ ምልክታቸው ንስር፣ አንበሳና እባብ ነው። ሦስቱ የአብርሃም ልጆች ነን የሚሉትን ሦስቱን ሃይማኖቶች ይወክላሉ። ተለያይተው የኖሩት ልጆች ይገናኛሉ፤ ውሃ እንደሚመጣ ለሰው ልጅ ያስጠነቅቃሉ፤ ሰሚ ያጣሉ። መርከብ ይሠራል፤ ዝናቡ ይጥላል፤ በመጨረሻ ቀስተ ደመና ይወጣል። በእውነት ለመናገር የእንግሊዝኛው ግጥም ደካማ ነው፤ አንዳንዱ ስንኝ ከልጆች የሰንበት ትምህርት ያልተሻለ ነው። ታሪኩን የሚሸከመው ሙዚቃው ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው፤ ቤተ እስራኤልም የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይዘዋቸው ኖረዋል። የኖኅ ዘመን ሰዎች ለምን እንደጠፉ፣ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ምን እንዳጠፉ፣ ከዘፍጥረት ይልቅ በሰፊው የሚተርከው ሄኖክ ነው። የጴታህ ቲክቫ ልጆች ይህን መጽሐፍ ከእኛ ሰዎች ተቀብለው ቢሆን ኖሮ አልበሙ ሁለት ዲስክ ይሆን ነበር እላለሁ።

ወደ ሙዚቃው እንመለስ። ፋርሂ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ማጓራት ነው፤ ቃሉ አይለይም፣ ቁጣው ግን ይለያል። ፉከራ ሰምቶ ያደገ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፦ እዚያም ትንፋሹና ግሳቱ ከቃሉ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ድምፁ የምኩራብ ዜመኛ ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። በቀደሙት አልበሞች ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ ይጋፉ ነበር። በ«ማቡል» ላይ ሥራ ተከፍለዋል። ቁጣው ለፈጣሪና ለውሃው፣ ልመናው ለሰው ልጅ።

የሳሲ ጊታር የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ዐረቦች ሒጃዝ በሚሉት መቃም አካባቢ ነው። ይህ መቃም ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመድና ወዲያው ሰፊ ዝላይ ይዘልላል፤ የሚያሳዝነውም የሚያስፈራውም ያ ጠባብ እርምጃና ሰፊ ዝላይ ጎን ለጎን መቆማቸው ነው። የእኛም አንቺሆዬ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ይጀምርና ይዘልላል። ኤሌክትሪክ ጊታር ክሩ ወፍራም ድምፅ ሲያወጣና በዲስቶርሽን ሲሻክር ያ ግማሽ እርምጃ ከብረት መፋጨት ጋር ይመሳሰላል። ሳሲ የደረሰበት ነገር ይህ ይመስለኛል፦ የምሥራቁን ዜማ በሜታል ላይ እንደ ጌጥ መለጠፍ አያስፈልግም፤ የሜታሉ ክብደት ራሱ ከዚያ ዜማ ሊወጣ ይችላል።

ማሳያው ስምንተኛው ዘፈን፣ «ኖራ ኤል ኖራ» ነው። መሠረቱ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት መካከል የኖረው የግራናዳው ባለቅኔ ሙሴ ኢብን ዕዝራ የጻፈው መዝሙር ነው። የስፔንና የምሥራቅ አይሁድ በስርየት ቀን፣ በዮም ኪፑር ማታ፣ የሰማይ በር ሊዘጋ ሲል በሚጸለየው በነዒላ ጊዜ ያዜሙታል። የደከመ፣ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሕዝብ ቆሞ የሚዘምረው፣ ዜማው ግን የሚያስጨፍር መዝሙር ነው። ባንዱ ወደ መርከቡ በሚገባበት ሰዓት አስገባው። የመርከቡ በር ሊዘጋ ሲል የሰማይ በር የሚዘጋበትን መዝሙር ማሰማት፣ ከአልበሙ ሐሳቦች ሁሉ የበሰለው ይህ ነው። እስራኤል ውስጥ ምኩራብ የሄደ ብዙ ሰው፣ ሜታል የሚጠላውም ቢሆን፣ ዜማውን ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚያ ዘጠነኛው ይመጣል፤ ቃል የሌለው፣ ማዕበሉ ሳይነሣ ያለው ጸጥታ ነው። አሥረኛው «ማቡል» ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ባንዱ ያለውን ሁሉ ያወርደዋል። አሥራ አንደኛው ከዘጠኝ ደቂቃ ያልፋል፤ በመጨረሻው ላይ ያለው የጊታር ብቻ ጉዞ የሳሲ ምርጥ ሥራ ነው።

አልበሙ ከወጣ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ፣ መጋቢት 14 ቀን 2004፣ ከጋዛ የመጡ ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች አሽዶድ ወደብ ገብተው ራሳቸውን አፈነዱ። አሥር ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በሰሜናዊው ቀጠና ይሠራ የነበረ ሰው ሁሉ ያን ቀን ያስታውሰዋል። ቀጥሎም እስራኤል በጋዛ የሐማስን መሪ ሼህ አሕመድ ያሲንን ገደለች። ሦስት ወንድማማች ሃይማኖቶች ከጥፋት በፊት ይታረቁ ይሆናል የሚል ዘፈን ለመሸጥ ከዚህ የባሰ ወር የለም።

አልበሙ ግን ተሸጠ፤ ከዚያም በላይ ተደመጠ። የአውሮፓ የሜታል መጽሔቶች አወደሱት፤ ባንዱ በትልልቅ ፌስቲቫሎች ይጋበዝ ጀመር። ደብዳቤ ይጽፉ የነበሩት የዐረብ አድማጮችም በዙ። ፋርሂ ጸጉሩን ለቅቆ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ መድረክ ላይ ሲቆም ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወረደ ይመስላል። እሱም ያውቀዋል፤ ይጠቀምበታልም። ይህ ትዕይንት አንዳንዴ ከሙዚቃው ይቀድማል የሚል ቅሬታ አለኝ።

በ2010 ቀጣዩ አልበማቸው በእንግሊዛዊው ስቲቨን ዊልሰን ሚክስ ተደርጎ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ሜታሊካ ራማት ጋን ስታዲየም ሲመጣ መድረኩን የከፈቱት እነሱ ነበሩ። በ2011 በፈረንሳዩ ሄልፌስት ላይ ዮሐና ፋኽሪ የምትባል ሊባኖሳዊት ዳንሰኛ አብራቸው ወጥታ የሊባኖስና የእስራኤል ባንዲራ ጎን ለጎን ተውለበለበ። ሊባኖስ ውስጥ ለእሷ ይህ ከባድ ዋጋ ነበረው። በ2013 «ኦል ኢዝ ዋን» ከተባለው አልበም በኋላ የአኮ ፍልስጤማውያን ባንድ ከሆነው ከኻላስ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው አውሮፓን ዞሩ። ከነባሮቹ ስቫቲዝኪ በ2012፣ ሳሲ በ2014 ባንዱን ለቀቁ። ሳሲ ከወጣ ወዲህ ሥራቸው ጥሩ ነው፤ «ማቡል»ን ግን አልደገሙትም።

የሜታሉ ዱካ ወደ አዲስ አበባም ደርሷል። ቢል ላስዌል የሚባለው አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር በ1986 ሞተርሄድ የተባለውን ባንድ «ኦርጋዝማትሮን» አልበም ያሰናዳ ሰው ነው። በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም ሠራ፤ የትዳር አጋሯም ሆነ። በ2012 ደግሞ አዲስ ገሠሠ ያሰባሰበውን፣ አራት ድምፃውያን ከፊት ያሰለፈውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አዘጋጀ። የአፋሩ እሳተ ገሞራ ስም ያለው ይህ አልበም በአገራችን ቅኝትና በሻካራ ጊታር የቆመ፣ በኢትዮጵያ ሮክ ነኝ ብሎ በሙሉ ድምፅ የወጣ ሥራ ነው። ጃኖ ሜታል አይደለም፤ ግን ጊታሩ ሲከብድ ቅኝቱ እንደማይሰበር ያሳየ ነው። «ማቡል» በ2004 ያሳየውም ይህንኑ ነበር።

«ማቡል»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ አንባቢ ምክሬ ይኸው ነው። ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ ማጓራቱ ያስደነግጣችኋል። ከአራተኛው፣ ከ«አሳልክ» ጀምሩ፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ አንዲት ሴት የምታዜመው የመናዊ ዜማ ነው። ከዚያ ወደ ስምንተኛው እለፉ። ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ሳትነጣጥሉ ተከታትላችሁ ስሙ፤ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በትልቅ ድምፅ ማጉያ። ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ቀን ላይ ይሁን።